«አልነካኋትም እኮ!»

ለከፋ በተነሳ ቁጥር የጎረምሳው የመጨረሻ ምሽግ አንዲት ቃል ናት፤ «አልነካኋትም እኮ!» ባጃጅ ነጂው ይላታል። መናኸሪያ በር ላይ የቆመው ረዳት ይላታል። ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር የሱቅ በረንዳ ላይ ምርቃናው የመጣለት ይላታል። የሚያናድደው ግን እነሱ ማለታቸው ሳይሆን የልጅቷ አጎትም «ነካሽ እንዴ? ካልነካሽ ታዲያ ምን አስለቀሰሽ?» ማለቱ ነው። እዚህ ሆላንድ ቡና ተፈልቶ ወሬው ጅማ ሲገባ ደግሞ፣ አሥራ አምስት ዓመት አውሮፓ የኖረ ሰው ሳይቀር ያቺኑ ቃል አቧራዋን አራግፎ ያመጣታል። «ለከፋ ወንጀል ይሁን ማለት ጨዋታን መክሰስ ነው። ባህላችን ነው፤ አትፈረንጁብን» ይላል።

ባህል ከሆነ ለምን ቦሌ ኤርፖርት ላይ ይቀራል?

ከጅማ ዞን ወደ ሳዑዲ ልጅ ያልላከ ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ያ አገር ቤት ሳለ መንገደኛ ሴት ሁሉ «ሚስቴ» የነበረችው ወጣት ጂዳ ሲደርስ ዓይኑን አስፋልት ላይ ተክሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሳዑዲ የትንኮሳ ሕግ እስከ 2 ዓመት እስራትና እስከ 100 ሺህ ሪያል ይቀጣል፤ ነገሩ ከከበደ 5 ዓመትና 300 ሺህ ሪያል ይደርሳል። ልጁ ይህን አንቀጽ አላነበበም፤ ወሬውን ሰምቷል፣ በቃው። ቡናው አብሮት ተሻግሯል፣ ቋንቋው ተሻግሯል፣ ሃይማኖቱም ተሻግሯል። ለከፋው ብቻ ቪዛ ተከለከለ። (ሳዑዲን ለሴት የተመቸች አገር እያልኩ አይደለም። በቤት ሠራተኝነት የሄዱት እህቶቻችን የሚያውቁትን ያውቃሉ።) ማለቴ፣ ሰውየው ራሱን መግዛት አቅቶት አይደለም። የት መግዛት እንዳለበትና የት መልቀቅ እንደሚችል አስተካክሎ ያውቃል።

ለከፋ አሠራር አለው። ለካፊ ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ ዝም ነው። አፍ የሚወጣው ሦስት አራት ሲሆኑ ነው። የሚናገረው ለልጅቷ ይመስላል እንጂ ታዳሚው አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ነው፤ ሳቁን የሚሰበስበው ከዚያ ነው። ለዚህ ነው ብትመልስም ባትመልስም የማይጠቅማት። መጀመሪያ ሙገሳው ይመጣል፤ «ማሬ»፣ «ሚስቴ»፣ «እንደው ማን ወለደሽ!»። ጅማ ስለሆነ በኦሮምኛም ይደገማል፤ «ባሬዱ!» (ቆንጆ!)። ዝም ካለች ከአሥር እርምጃ በኋላ መከተሉ ይጀምራል፤ ስልክ መጠየቅ፣ ከፊት ዞሮ መንገድ መዝጋት። አሁንም ዝም ካለች «ደሞ አንቺን ብሎ ቆንጆ! ምን አለሽና ነው የምትጎርሪው?» ይከተላል፤ ከዚያ የሰውነቷ ክፍል በስም እየተጠራ ስድብ ይወርዳል። ቆንጆ በመባልና አስቀያሚ በመባል መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። «ሙገሳ እኮ ነው» የሚል ሰው ያቺን ግማሽ ደቂቃ እስከ መጨረሻዋ ቆሞ ያዳምጥ።

ቦታውም የታወቀ ነው። የአዌቱ ወንዝ ድልድይ ጥሩ ነው፤ ግራና ቀኝ መታጠፊያ የለውም። መናኸሪያው ጥሩ ነው፤ ሻንጣ የያዘች ሴት መሮጥ አትችልም። ሐሙስ ገበያ፣ ሄርማታ ላይ፣ ግፊያው ራሱ ሽፋን ነው፤ እጁን የላከው ሰው «ገፍተውኝ ነው» ይላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጅማን የማያውቅ ሰው የማይገምተው ወጥመድ አለ፤ ዝናቡ ሳይታሰብ ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ የሱቅ በረንዳ ሥር ይጠጋል፤ ልጅቷም ትጠጋለች። አሁን ለካፊው መከተል አያስፈልገውም፤ ዝናቡ ይዞለታል። ውጪ ብትወጣ ትበሰብሳለች፣ ብትቆም ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰውነቷ ሲተች ትሰማለች። ከበሰበሰች በኋላ ስለ ልብሷ የሚባለውን ደግሞ ተዉት።

ባጃጅ ውስጥ ሌላ ነው። ከኋላ ሦስት ሰው ይጫናል፤ አራተኛዋ ከነጂው ጎን ትጠጋለች። መሪው በተጠመዘዘ ቁጥር ክንዱ የት እንደሚያርፍ የተቀመጠችበት ታውቃለች። መስታወቱ የኋላውን መንገድ እንዲያሳይ የተሠራ ነው፤ ብዙዎቹ ግን የኋላ መቀመጫው ላይ ጉልበት እንዲያሳይ አጣመው ያስሩታል። እዚህም «አልነካኋትም» አለ፤ «መንገዱ ጎርበጥባጣ ሆኖ ነው» የምትል ቅጥያ ብቻ ተጨምራበታለች።

«አለባበሷ ነው» ለሚለው መልስ ለመስጠት ጅማን የመሰለ ከተማ የለም። ሙሉ ጅልባብ የለበሰችው ትለከፋለች፤ ነጠላ ተከናንባ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሰው ትለከፋለች፤ ዩኒፎርም የለበሰችው ተማሪ፣ ሥራዋን ጨርሳ አቧራ ለብሳ ከቡና ማበጠሪያ የምትወጣው ለቃሚ ሁሉም ይለከፋሉ። ልብሱ የሚወስነው የትኛው ቃል እንደሚመረጥላት ብቻ ነው።

ወጪም አለው። ልጅቷ አንድን ማዕዘን ላለማለፍ ብቻ ሲመሽባት ባጃጅ ትይዛለች እንበል። በቀን 20 ብር ብናስብላት፣ በወር 22 የሥራ ቀን ብንቆጥር፣ 440 ብር ነው። ለካፊው የሰደባት በነፃ ነው፤ እሷ ግን በየወሩ ትከፍላለች። ሌላም ሌላም አለ፤ ሙዚቃ የሌለበት ኢርፎን ጆሮ ላይ መሰካት፣ ማንም በሌለበት ስልክ «አዎ አባዬ፣ ደርሻለሁ» ማለት፣ የሰባት ዓመት ወንድምን እንደ ዘበኛ ይዞ መውጣት።

እስኪ ያን 440 ብር ከሕጋችን ጋር እናስተያየው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 615 ሰውን ፊት ለፊት በቃል ወይም በምልክት መስደብንና ማዋረድን ይቀጣል። ስለዚህ «የሚቀጣ ሕግ የለም» የሚለው ትክክል አይደለም። ቅጣቱ እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 300 ብር መቀጮ ነው። 300 ብር! በቡና አገር ጅማ ዛሬ አንድ ኪሎ ጥሩ ቡና አይገዛም፤ ተለካፊዋ በአንድ ወር ለባጃጅ ከምትከፍለው ያንሳል። አካል ሳይጎዳ እጅ ማንሳትን የሚመለከተው አንቀጽ 560ም ከዚሁ የተሻለ ነገር የለውም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ አንቀጽ 622 ነው፤ በኃይል ወይም በከባድ ዛቻ የሚፈጸም ለንጽሕና ክብር ተቃራኒ የሆነ ድርጊት፣ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት። በ300 ብርና በ10 ዓመት መካከል ምን አለ? ገደል። ገበያ መሃል ዳሌዋን ጨምቆ የሸሸው ሰው እዚያ ገደል ውስጥ ነው የሚሰወረው። ለ622 ኃይሉ አነሰ፣ ለ560 ነውሩ በዛ።

ከመቀጮው ይልቅ ግን እኔን የሚያበግነኝ አካሄዱ ነው። አንቀጽ 615 የግል አቤቱታ የሚጠይቅ ወንጀል ነው፤ ሴትየዋ ራሷ ካልከሰሰች ክስ የለም። አቤቱታውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሲሠራበት የኖረው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 21 ደግሞ፣ እጅ ከፍንጅ በተያዘ ወንጀል ያለ አቤቱታ ክስ መጀመር እንደሚቻል ይፈቅድና አቤቱታ የግድ የሚሆንባቸውን ወንጀሎች ለይቶ ያስቀራል። ትርጉሙ ፖሊሱ በሁለት ዓይኑ አይቶ፣ በሁለት ጆሮው ሰምቶ «እኔን ምን አገባኝ» ቢል ሕግ አልጣሰም ማለት ነው።

እሺ፣ ደፋር ሆና ከሰሰች እንበል። ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች፤ ቃል ትሰጣለች። «ስሙ ማነው?» ትባላለች። መንገድ ላይ የለከፋትን ሰው ስም ከየት ታውቃለች? ስም ከሌለ መጥሪያ የሚሰጠው ለማን ነው? «ምስክር አለሽ?» አብረውት ሲስቁ የነበሩት ሦስቱ ጓደኞቹ አሉ። ባለሱቁ አይቷል፤ ደንበኞቹ እነሱ ናቸው። ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ብቻ የምታውቅ ከሆነች ነገሩ በአስተርጓሚ ያልፋል፤ ያንን የሰውነት ክፍል እየጠራ የተሰደበውን ስድብ ለሁለት ሰው በሁለት ቋንቋ መድገም አለ። ጉዳዩ ሊጀመር ሲል ጃርሳዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ቤት ይመጣሉ። «ልጅ ነው፤ ይቅር በዪው። እንኳን ነክቶሽ አይደለ!» አቤቱታዋን ከተወች መዝገቡ ይዘጋል። ሽማግሌ እኔም እወዳለሁ፤ የሚታረቀው ሰው ግን መጀመሪያ የተጣላ መሆን አለበት። መንገድ ላይ ስትሄድ የነበረች ሴት ከማን ጋር ተጣላች?

አሁን ወደ ሆላንድ። እዚህ ነገሩ የተጀመረው በስህተት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሮተርዳም ከተማ እ.ኤ.አ. በ2018 ለከፋን በከተማ ደንብ ከለከለች። አንድ ሰው ሴቶችን «ውዴ» እያለ፣ በአየር ላይ እየሳመ ሲያስቸግር ተይዞ 200 ዩሮ ተቀጣ። ይግባኝ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የሄግ ይግባኝ ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተው። ለከፋ መብት ነው አላለም፤ የመናገር ነፃነትን መገደብ የሚችለው የአገሪቱ ሕግ አውጪ እንጂ የከተማ ምክር ቤት አይደለም አለ። አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ለከፋ በአገር አቀፍ ሕግ ጥፋት ሆነ። ጣሪያው 3 ወር እስራት ወይም፣ በዚያ ዓመት ስሌት፣ 10,300 ዩሮ ነው፤ በተግባር የሚወሰነው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

የሕጉ ቃል ተራ ነው፤ በአደባባይ ሰውን በወሲባዊ መንገድ፣ በሚያስፈራ፣ በሚያዋርድ፣ በሚያቆስል ወይም ክብር በሚነካ ሁኔታ መጠጋት። በምን? በንግግር፣ በምልክት፣ በድምፅ ወይም በንክኪ። ንክኪ አራተኛ ላይ ነው! ያቺ የኛ ምሽግ እዚህ አገር የዝርዝሩ ጭራ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ጊዜ አፏጭቶ ዝም ያለው ሰው ሁሉ ይያዛል ማለት አይደለም፤ መደጋገሙ፣ መከተሉ፣ ሰዓቱ፣ ብቻዋን መሆኗ ተደምሮ ነው የሚታየው።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ማስረጃው ነው። በሆላንድ ሥነ ሥርዓት አንድ ምስክር ብቻውን ሰው አያስቀጣም። መርማሪ ሹም በመሐላው የጻፈው ሪፖርት ግን ብቻውን ለዳኛ በቂ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሸክሙን ከልጅቷ ላይ አንሥተው ሹሙ ትከሻ ላይ ጫኑት። ሮተርዳም፣ ዩትሬክትና አርንሄም ውስጥ ይህን ሥራ ለሙከራ የሰጡት ቦአ ለሚባሉት የማዘጋጃ ቤት ደንብ አስከባሪዎች ነው። ሹሙ ራሱ ያያል፣ ራሱ ይሰማል፣ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። እሷ «ስሙ ማነው» አትባልም፤ ቤቷም ሽማግሌ አይላክም።

ደንብ አስከባሪ ጅማም አለ። ዱላውን ይዞ ሲሮጥ የሚታየው አቮካዶ ዘርግታ የተቀመጠችውን ጉልት ሻጭ ለማስነሳት ነው። አቮካዶው መንገድ ዘጋ ተብሎ ይወረሳል፤ ከጀርባዋ ቆሞ መንገደኛዋን መንገድ የዘጋው ጎረምሳ ግን አይታይም።

ሆላንዶቹ ተሳክቶላቸዋል እያልኩ አይደለም። ዩኒፎርም ሲታይ ለካፊው አፉን ይዘጋል፤ እጅ ከፍንጅ መያዝ ከባድ ነው። እዚህ ያለው የሐበሻና የሞሮኮ ልጅ «ለእኛ ብለው ያወጡት ነው» ሲል ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አልችልም፤ ሹም ማንን ቀና ብሎ እንደሚያይ እናውቃለን። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2014 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ የመጀመሪያው ጥፋተኛ የተገኘው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የተሰደበችውም ተራ መንገደኛ ሳትሆን ፖሊስ ነበረች። የፈረንሳይ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ከ90 ዩሮ የሚጀምር መቀጮ ይዞ ነበር፤ ያኔም «ማን ይይዘዋል?» ተብሎ ተስቆበታል።

እኔ ግን ለጅማ ከአውሮፓ ይልቅ የሚቀርባት ፊሊፒንስ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ሕግ በደረጃ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የለከፈ 1,000 ፔሶ ይከፍልና የ12 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይሠራል፤ ትምህርትም ከውስጡ አለ። ሁለተኛ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ቀን እስራት ወይም 3,000 ፔሶ። ሦስተኛ ጊዜ ከ11 እስከ 30 ቀን እስራትና 10,000 ፔሶ። እስር ቤቱ በጎረምሳ እንዲሞላ ማንም አይፈልግም፤ 12 ሰዓት ሙሉ የአዌቱን ዳር ላስቲክ ሲለቅም፣ የትናንት ሳቂታ ጓደኞቹ ድልድዩ ላይ ቆመው ሲያዩት ግን ይታያችሁ። ለካፊ የሚኖረው በታዳሚ ነው ብለናል፤ ቅጣቱም በታዳሚ ፊት ይሁን።

ማን ያውጣው ለሚለው የሮተርዳም ስህተት ያስተምራል። የጅማ ከተማ አስተዳደር በደንብ ልከልክል ቢል አቅሙ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55(5) የወንጀል ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጥና፣ ክልሎች ደግሞ በፌዴራሉ የወንጀል ሕግ በግልጽ ባልተሸፈነ ጉዳይ ሕግ ማውጣት እንደሚችሉ ይናገራል። ያ በ300 ብርና በ10 ዓመት መካከል ያለው ገደል በግልጽ የተሸፈነ ነው ወይ? አይመስለኝም። ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌ ኦሮሚያ፣ በሩ ክፍት ነው። ከወጣ ግን ሁለት ነገር ካልገባበት ባይወጣ ይሻላል። አንደኛው፣ አቤቱታ የግድ መሆኑ መቅረት አለበት፤ ያየ ፖሊስ ይጀምር። ሁለተኛው፣ ብር በእጅ አይከፈል። መቀጮ መንገድ ላይ በእጅ ከተቀበሉ «የሻይ» ይሆናል፤ ያኔ ለካፊው ከፍሎ ይለክፋል። ባንክ ወይም ቴሌብር፣ ደረሰኝ ያለው፣ እንደ ትራፊክ ክስ።

«ታዲያ ሴት ሰላም ማለትም ሊከለከል ነው?» ይላሉ። ወገኖቼ፣ ጅማ ላይ ሰላምታ ምን እንደሆነ የማያውቅ አለ? «አካም ጅርቱ» ተብሎ መልስ ካልመጣ ያልፋል። ሰላምታ ዝም ሲሉት ይቆማል፤ አይከተልም፣ አይሳደብም፣ ጡት አይቆጥርም። ይህን የሚያምታታው ሰው ገበያ ላይ ከወንድ ጋር ሲገናኝ አንድም ቀን ተምታቶበት አያውቅም።

ሕጉ እስኪመጣ ያለውን መጠቀም ነው። ባጃጅ ላይ የሚለክፍ ሰው ለመያዝ ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ታርጋ አለው፣ ማኅበር አለው፣ የሥራ ፈቃድ አለው። ታርጋው፣ ሰዓቱና ቦታው ስልክ ላይ በዚያው ደቂቃ ይጻፍ፤ የተባለው ቃል ሳይለሳለስ፣ እንዳለ ይጻፍ፤ «ክብሬን የሚነካ ነገር ተናገረኝ» ብቻ የሚል አቤቱታ ጣቢያ ላይ ውሃ አያነሳም። በየቀኑ የሚከተልና የሚዝት ከሆነ ስድብ ብሎ ማቅረብ ስህተት ነው፤ አንቀጽ 580 ማስፈራራትን ለብቻው ይቀጣል። ይህን አትናቁት። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አሲድ የተደፋባትን ወጣት ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ከአሲዱ በፊት ለዓመታት የቆየ ክትትል ነበር። ለተቀጣሪዎች ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። ቡና ለቃሚዋ በማበጠሪያው ግቢ ውስጥ ሳለች አለቃዋ ቢተነኩሳት ሕግ አላት፤ ከበሩ ወጥታ አሥር ሜትር ስትራመድ ሕጉ ግቢው ውስጥ ይቀራል።

የኛው ጉድ ደግሞ አለ፤ የዲያስፖራው። ታኅሣሥና ነሐሴ ላይ መኪና ተከራይቶ፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ ፈረንጅ አራዳን በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚዞረው። ይህ ሰው ሮተርዳም ትራም ውስጥ ሴት አጠገቡ ስትቀመጥ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አውጥቶ፣ ትከሻውን አጥብቦ፣ ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ዓሣ ይመስል ደርቆ ነው የሚቀመጠው። ሕጉን ያውቃል፤ ቅጣቱንም በዩሮ ያውቀዋል። ጅማ ሲገባ መስኮቱን ያወርድና ለተማሪ ልጅ «ነይ ግቢ፣ ላድርስሽ» ይላል፤ እምቢ ስትል «ፋራ!» ብሎ ይስቃል። በረንዳ ላይ የተቀመጡት ጎረምሶች ያዩታል። አውሮፓ የኖረ ሰው እንዲህ ካደረገ እነሱ ምን ሊማሩ ነው? ማታ ሆቴል ቁጭ ብሎ አገሩ እንዴት እንዳልሠለጠነ ሲተነትን አጠገቡ ያለ ሰው ቀን የሠራውን ቢያነሳበት ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ።